ስለ ዝናቡ ብቻ እናውራ?

ከማንስማማው ሰው ጋር ስለ ዝናብ፣ ስለ ጉልበት ሕመምና ስለ እንቁላል ዋጋ ማውራት ጨዋነት ነው ወይስ ሽሽት? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ግን ባለፉት ጥቂት ዓመታት በየቴሌግራም ግሩፑ፣ በየቢሮውና በየዘመድ ቤቱ ስንት ወዳጅነት በዚህ ጥያቄ የተነሳ እንደተሰነጠቀ እናንተም ታውቃላችሁ። አንዱ «ፖለቲካውን ተዉትና በሰላም እንጫወት» ይላል። ሌላው «ቤቴ እየተቃጠለ ምን የምጫወተው ጨዋታ አለ?» ይላል። ችግሩ ሁለቱም እውነት አላቸው።

ይሄን ነገር ሳስብ የሚመጡብኝ ሰዎች ከማይጠበቅ ቦታ ናቸው። አሜሪካውያን ሽማግሌዎች ናቸው፣ ብዙዎቹ ጡረታ የወጡ፣ ጓሯቸው ውስጥ አንቴና ያቆሙ። የትርፍ ጊዜ ሥራቸው አማተር ሬዲዮ ይባላል፤ እነሱ በአጭሩ «ሃም» ይሉታል። ፈተና ተፈትነው፣ ከመንግሥት ፈቃድ ተቀብለው፣ ከቤታቸው ሆነው በአየር ሞገድ ከማያውቁት ሰው ጋር ያወራሉ። አሜሪካ ውስጥ ይሄ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ከ700,000 በላይ ናቸው። ወጣቶችም ሴቶችም አሉበት፤ ማታ ማታ በብዛት የሚሰማው ድምፅ ግን የሽማግሌ ድምፅ ነው።

እኔ ሶፍትዌር ነው የምሠራው፤ የሬዲዮ ፈቃድ የለኝም። የምሰማቸው በኢንተርኔት ነው። በጎ ፈቃደኞች የሬዲዮ መቀበያቸውን ከኢንተርኔት ጋር አገናኝተው ለሁሉም ክፍት አድርገውታል፤ ብራውዘር ከፍቶ ፍሪኩዌንሲ መምረጥ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሲሆን፣ ኦሃዮ ውስጥ ገና ምሽት ነው። ኮዱ አልሠራ ሲለኝ እነሱን እከፍታለሁ።

የሚያወሩት ነገር መጀመሪያ ላይ ያስቃል። አንዱ ስሙን ይናገራል። የት ከተማ እንዳለ ይናገራል። የሌላው ድምፅ እንዴት እንደሚደርሰው በቁጥር ይነግረዋል። «እኔ በ100 ዋት ነው የማስተላልፈው፤ አንቴናዬ ሽቦ ነው፣ ሁለት ዛፍ መሀል አስሬዋለሁ» ይላል። ከዚያ የአየሩ ሁኔታ ይከተላል፤ በረዶ ሊጥል ነው፣ ወይም ሙቀቱ አላስቀመጠም። ቀጥሎ ጉልበቱ፣ የሐኪም ቀጠሮው፣ ባለቤቱ የተከለችው ቲማቲም፣ አልነሳ ያለው መኪና። ሌላው ዝም ብሎ ይሰማል። ተራው ሲደርስ በመጀመሪያ የተነገረውን ይመልሳል፤ «ጉልበትህን እግዜር ይማርህ፣ እኔም ባለፈው ዓመት ተሠርቻለሁ» ይላል። ከዚያ የራሱን ይቀጥላል። ሲሰነባበቱ «73» ይባባላሉ፤ ከቴሌግራፍ ዘመን የተረፈ፣ «መልካሙን ሁሉ» ማለት የሆነ ቁጥር ነው።

ጥቂት ሌሊቶች ከሰማሁ በኋላ አንድ ነገር ገረመኝ። በዚያ አገር ቴሌቪዥኑም ስልኩም ስለ ምርጫ፣ ስለ ስደተኛና ስለ ጦርነት እየጮኸ፣ እነዚህ ሰዎች ግን ስለ ቲማቲም ያወራሉ። ሕግ ከልክሏቸው ይሆን? አይደለም። የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን አማተሮችን ብዙ ነገር ይከለክላል፤ በገንዘብ ለሌላ ሰው መልእክት ማስተላለፍ፣ ሙዚቃ ማጫወት፣ ብልግና መናገር፣ ትርጉሙን ለመደበቅ በምስጢር ኮድ ማውራት። ፖለቲካ ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ስለ ፖለቲካና ስለ ሃይማኖት በአየር ላይ አለማውራት ሽማግሌዎቹ ለአዲስ ገቢ የሚያስተምሩት ልማድ ብቻ ነው። ልማድ ስለሆነም የሚጥሱት አሉ። 7.200 ሜጋኸርትዝ የሚባለው ፍሪኩዌንሲ በስድብና በፖለቲካ ጭቅጭቅ የታወቀ ነው። አንድ ሌሊት ብትሰሙት ልማዱ ለምን እንደመጣ ወዲያው ይገባችኋል።

ይሄ ልማድ የሚሠራበትን መንገድ ልብ በሉ፤ እንደ መሐንዲስ ሳየው ብልህ አሠራር አለበት። አንደኛ፣ ተናጋሪው ቢያንስ በየ10 ደቂቃውና በመጨረሻ መለያውን መናገር ግዴታው ነው። መለያው ደግሞ በመንግሥት መዝገብ ውስጥ ከስሙና ከአድራሻው ጋር ተመዝግቦ ለማንም ክፍት ነው። ማለት፣ የሚናገር ሰው ቤቱ ይታወቃል። ሁለተኛ፣ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ በአንድ ጊዜ የሚናገረው አንድ ሰው ነው። ቁልፉን ተጭኖ ሲያወራ ሌላውን መስማት አይችልም፤ መስማት ከፈለገ መልቀቅ አለበት። ሦስተኛ፣ ወሬው የሚጀምረው «እዚህ እንዴት እንደምትሰማኝ ንገረኝ» በማለት ነው። ከሐሳቡ በፊት የመሰማቱ ነገር ይጣራል። እኛ በየቀኑ የምንጠቀምባቸው አፖች ላይ ሦስቱም የሉም።

በተጨማሪ ወሬው ከንቱ አይደለም። በብዙ ቦታ በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት የሚሰባሰቡ ቡድኖች አሉ፤ አንዱ ስም ይጠራል፣ ሌላው «አለሁ» ይላል። አንድ ሽማግሌ ሁለት ሦስት ቀን «አለሁ» ካላለ ስልክ ይደወልለታል። ብቻውን ለሚኖር ሰው ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። በ2017 (እ.ኤ.አ.) ማሪያ የተባለችው አውሎ ነፋስ ፖርቶሪኮን መታ መብራትና ስልክ ስታጠፋ፣ የአሜሪካ ቀይ መስቀል አማተሮችን እርዳታ ጠይቆ ነበር። 22 በጎ ፈቃደኞች ሬዲዮናቸውን ይዘው ሄዱ። ካስተላለፏቸው መልእክቶች መሀል ብዙዎቹ ፍሬ ነገራቸው አንድ ነበር፤ «ደህና ነኝ፣ ለቤተሰቤ ንገሩልኝ።» ለዓመታት ስለ ጉልበትና ስለ ቲማቲም ሲያወሩ የኖሩ ሰዎች ናቸው ያን ቀን የተገኙት። የተለማመዱት መስመር ስለነበረ ነው።

እስከዚህ ድረስ ለጨዋነቱ ነው የተከራከርኩት። ቢሆንም ሽማግሌዎቹ ስለ አገር ጉዳይ አስተያየት የላቸውም ማለት አይደለም። በደንብ ከሰማችሁት ስለ ዕለት ኑሮ የሚያወሩት ነገር ሁሉ አንድ እግሩ ፖለቲካ ውስጥ ነው።

ለምሳሌ የሚወዱት አንድ ወሬ «ዛሬ የሚሸጥ ዕቃ አይጠገንም» የሚል ነው። ብዙዎቹ በልጅነታቸው ከሚሺጋን የሚመጣ ሂትኪት የሚባል ዕቃ ገዝተው፣ ክፍሎቹን አንድ በአንድ በብየዳ አገጣጥመው ሬዲዮ የሠሩ ናቸው። ድርጅቱ በ1992 ያን ሥራ አቆመ። ዛሬ ትራክተር እንኳ ሲበላሽ ሶፍትዌሩ ስለተቆለፈ ገበሬው ራሱ መጠገን ያቅተዋል። ሽማግሌው ይሄን ሲያማርር የድሮ ናፍቆት ይመስላል። ግን ኮሎራዶ በ2023 የእርሻ መሣሪያ አምራቾች ለገበሬው የመጠገኛ መረጃና መሣሪያ እንዲሰጡ የሚያስገድድ ሕግ አውጥታለች። የሽማግሌው የጓዳ ምሬት የምክር ቤት አጀንዳ ሆነ ማለት ነው። እኔም ሶፍትዌር የምጽፍ ሰው ስለሆንኩ ምሬቱ እኔንም ይመለከተኛል፤ ያ ቁልፍ የሚጻፈው እንደ እኔ ባለ ሰው እጅ ነው።

አንቴናውም እንደዚያው ነው። ብዙ አሜሪካውያን የሚኖሩት የቤት ባለቤቶች ማኅበር ባለበት ሰፈር ሲሆን፣ ማኅበሩ በውሉ መሠረት አንቴና ማቆም ሊከለክል ይችላል። ሽማግሌዎቹ ይሄ በጣም ያንገበግባቸዋል። ከ1914 ጀምሮ ያለው ብሔራዊ ማኅበራቸውም ኮንግረሱ በሕግ ጣልቃ እንዲገባላቸው ለዓመታት ሲወተውት ኖሯል። እንግዲህ ከነሱ መሀል «መንግሥት በግል ጉዳይ አይግባ» የሚለው ሰው፣ ስለ ሽቦው ሲሆን መንግሥት በግል ውል ውስጥ እንዲገባለት ይፈልጋል። ይሄን የምለው ለማሾፍ አይደለም። ሁላችንም እንደዚሁ ነን፤ ፖለቲካ የሚሆንብን የሌላው ሰው ችግር ነው። የራሳችን ሲሆን «ኑሮ» ነው የምንለው።

ይሄ ነጥብ ከሽቦ በላይ በሚከብድ ነገር ላይ ሲመጣ ምን እንደሚመስል ለማየት፣ ከሃሞች ሁሉ ስሙ የገነነውን አንድ ሰው እንይ። ሴናተር ባሪ ጎልድዋተር የአሪዞና ሰው ነበሩ፤ በ1964 የሪፐብሊካን ፓርቲ የፕሬዚዳንት እጩ ሆነው ተወዳድረው በሊንደን ጆንሰን ተሸንፈዋል። ከልጅነታቸው ጀምሮ ግን አማተር ሬዲዮ ነበራቸው፤ መለያቸው ኬ7ዩጂኤ ነበር። በቬትናም ጦርነት ጊዜ አሪዞና ያለው ቤታቸው ውስጥ ያለውን ጣቢያ በጎ ፈቃደኞች በየተራ እየገቡ ያሠሩት ነበር። ሥራው ከቬትናም በሬዲዮ የሚደውለውን ወታደር አሜሪካ ካለችው እናቱ ወይም ሚስቱ ስልክ ጋር ማገናኘት ነው። በብዙ ሺህ የሚቆጠር ጥሪ በዚያ ቤት በኩል አልፏል። ወታደሩ ተናግሮ ሲጨርስ «ኦቨር» ማለት ነበረበት፤ ካለዚያ መስመሩ ወደ ሌላው አይዞርም። «እወድሻለሁ፣ ኦቨር» ማለት ነው። ማንም ወታደሩን ለማን ነው የምትመርጠው ብሎ የጠየቀ የለም። ጥቁር ይሁን ነጭ የጠየቀም የለም።

ያው ሰው ሰኔ 1964 ላይ ታላቁን የሲቪል መብቶች ሕግ ተቃውመው ድምፅ ሰጥተዋል። ጎልድዋተር በግላቸው ዘረኛ ነበሩ ለማለት ይከብዳል። የአሪዞና አየር ብሔራዊ ዘብ ውስጥ ጥቁርና ነጭ ተለያይቶ እንዳያገለግል ካደረጉት ሰዎች አንዱ ናቸው፤ ከዚያ በፊት በ1957 እና በ1960 የወጡትን የሲቪል መብት ሕጎችም ደግፈዋል። የ1964ቱን የተቃወሙት በዋናነት በሁለት ክፍሎቹ የተነሳ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ ለፌዴራል መንግሥት ያልሰጠውን ሥልጣን ይሰጣሉ ብለው ያምኑ ነበር። አንደኛው ክፍል ስለ ቅጥር ነው። ሁለተኛው ክፍል ሆቴል፣ ምግብ ቤትና ነዳጅ ማደያ ደንበኛውን በቀለሙ የተነሳ እንዳይመልስ የሚከለክለው ነው።

ሆቴል፣ ምግብ ቤት፣ ነዳጅ ማደያ የሚሉትን ያዙልኝ። ከዚያ 12 ዓመት በፊት፣ በ1952፣ ጥቁር አሜሪካውያን ሃሞች ኦሚክ የተባለ ማኅበር መሥርተው ነበር፤ ስሙ ኦሃዮን፣ ሚሺጋንንና ኬንታኪን ጨምሮ ከመሥራቾቹ ስቴቶች የመጀመሪያ ፊደላት የተሠራ ነው። ከሥራዎቹ አንዱ ጥቁር አማተሮች የዘር መድልዎ ሕግ ባለበት አካባቢ ሲጓዙ መርዳት ነበር። በዚያ ዘመን ጥቁር ሰው መኪና ይዞ ወደ ደቡብ ሲሄድ የት እንደሚያድር፣ የት እንደሚበላ፣ የት ነዳጅ እንደሚቀዳ አስቀድሞ ማወቅ ነበረበት። ለዚሁ ሲባል ቪክቶር ሁጎ ግሪን የተባሉ የሃርለም ፖስታ አዳይ ከ1936 ጀምሮ የጥቁር መንገደኛ መመሪያ መጽሐፍ ያሳትሙ ነበር። ኦሚኮች ደግሞ በመንገዱ ላይ በሬዲዮ የሚያገኙት ወገን ነበራቸው።

አሁን ሁለቱን ወሬዎች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። አንዱ ሃም በአየር ላይ ወጥቶ «መንገድ ላይ ነኝ፣ ወደ ደቡብ እየነዳሁ ነው፣ መሽቷል፣ የት ልደር?» ይላል። ነጭ ከሆነ ይሄ የመንገድ ጨዋታ ነው፤ የአየር ሁኔታና የሆቴል ወሬ። ጥቁር ከሆነ ግን መልሱ ራሱ አገሪቱ የምትጨቃጨቅበት ጉዳይ ነው። ቃላቱ አልተለወጡም። የተለወጠው ተናጋሪው የቆመበት ቦታ ነው። «እኛ እዚህ ፖለቲካ አናወራም» የሚለው ጨዋ ሰው፣ ሳያስበው፣ ለአንዱ መንገደኛ አልጋ እየጠቆመ ሌላውን «ያንን እዚህ አታንሳ» ሊለው ይችላል። ጎልድዋተርም ቤታቸው ቁጭ ብለው የማንኛውንም ወታደር እናት ያገናኙ ሰው ናቸው፤ ያ ወታደር ከጦርነት ሲመለስ መንገድ ላይ አልጋ ሊከለከል እንደሚችል ግን የሕገ መንግሥት ክርክር ሆኖ ነው የታያቸው። ደግነታቸውም ድምፃቸውም የአንድ ሰው ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም።

ታዲያ ልማዱ ይጣል? እኔ አይመስለኝም። ልማዱን በደንብ ካየነው የሚያስተምረው ሌላ ነገር ነው። ሽማግሌዎቹ በአየር ላይ ምን እንደሚሉ መለስ ብላችሁ ተመልከቱ፤ ስሜ ይሄ ነው፣ ያለሁት እዚህ ነው፣ አንተን እንዲህ እሰማሃለሁ፣ እዚህ በረዶ ሊጥል ነው፣ ጉልበቴ አሞኛል። ይሄ ሁሉ ከቆሙበት ቦታ የሚሰጥ ወሬ ነው። ያላዩትን አያወሩም፣ በሌላው ላይ አይፈርዱም። እነሱ «ፖለቲካ» ብለው የሚሸሹት ደግሞ ፍርዱን ነው፤ ማን ትክክል ነው፣ ማን አገር አጠፋ፣ እነ እገሌ እንዲህ ናቸው የሚለውን።

ወሬ እና ፍርድ ይለያያሉ። «እዚህ ከተማ ነዳጅ የሚሸጥልኝ አጣሁ» ወሬ ነው። ከ«እዚህ በረዶ ሊጥል ነው» የሚለይበት ነገር የለም፤ ሁለቱም ያሉበትን ቦታ ነው የሚናገሩት። ስለዚህ ያንን ጥቁር መንገደኛ «ፖለቲካ አታንሳ» ያለው ሰው ልማዱን አላከበረም፤ ያፈረሰው እሱ ነው። መንገደኛው በልማዱ መሠረት ነው የተናገረው። ወሬን ወደ ፍርድ የቀየረው ሰሚው ነው፤ ወሬው ወደ እሱ ጣት የሚቀስር መስሎ ስለተሰማው።

ይሄ ነገር ከእኛ የራቀ አይደለም። ሃሞቹ ራሳቸው እኛን ያውቁናል፤ አምስት ኪሎ የቴክኖሎጂ ግቢ ውስጥ ኢቲ3ኤኤ የሚባል የአማተር ሬዲዮ ጣቢያ አለ፤ ኢትዮጵያን በአየር ላይ ማግኘት ለብዙ ሃም ብርቅ ስለሆነ ያ መለያ ሲሰማ ይሻሙበታል። ልማዱም ለእኛ እንግዳ አይደለም። ብዙ እድሮቻችን ብሔርና ሃይማኖት ሳይለዩ ሰው የሚቀብሩት ፖለቲካን ከድንኳኑ ውጭ ስላስቀመጡ ነው። ይሄን የሚንቅ ሰው ቀባሪ አጥቶ አያውቅም ማለት ነው።

ግን ደግሞ የቅርቡን እናስታውስ። በ2012 ዓ.ም. በምዕራብ ኦሮሚያ አካባቢዎች ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ሲጀመር የትግራይ ስልክ ተቋረጠ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ። በእነዚህ ጊዜያት ሁሉ «ፖለቲካ ክልክል ነው» የሚል ሕግ ያላቸው ግሩፖች ነበሩን፤ የትምህርት ቤት፣ የሰፈር፣ የመሥሪያ ቤት። እኔ ያለሁበት የባች ግሩፕ ውስጥ አንድ ልጅ «እናቴን በስልክ ካገኘኋት ሦስት ወር አለፈኝ፤ ከዚያ አካባቢ የመጣ ሰው የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ» ብሎ ጻፈ። ትንሽ ቆይቶ ጽሑፉ ጠፋ። አስተዳዳሪው በትሕትና «ወንድሜ፣ የግሩፑን ሕግ እናክብር» አለው። ከዚያ በታች የኳስ ውጤት ቀጠለ።

ያ ልጅ ምንም አልፈረደም። ማንንም አልከሰሰም። የጻፈው ከፖርቶሪኮው «ደህና ነኝ» ጋር አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ «ደህና ናት ወይ?» ነው ያለው። ሰው ለሰው ከሚለው ነገር ሁሉ ትንሹ ይሄ ነው፤ ሰላምታችን ራሱ እሱ ነው። «ደህና ናችሁ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ፖለቲካ ከሆነብን፣ ፖለቲካ ያደረገው ጠያቂው አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። «ወሬም እኮ መሣሪያ ይሆናል» የሚል። እውነት ነው። አንዱ «አጎቴ ተገደለ» ሲል ሌላው «የኔም ተገድሏል» ይላል፤ ሐዘን ከሐዘን ይፎካከራል፣ ሁለቱም ያዩትን ብቻ እየተናገሩ ፍርድ ቤት ይከፍታሉ። የግሩፑ አስተዳዳሪ የፈራውም ምናልባት ይሄንን ነው፤ ፍርሃቱ መሠረት የሌለው አልነበረም። ለዚህ ሙሉ መፍትሔ አለኝ አልልም። ግን የሽማግሌዎቹ አሠራር ግማሹን መልስ ይሰጣል። አንድ ሰው ሲናገር ሌላው ቁልፉን ይልቀቅ። ተራው ሲደርስ መጀመሪያ የተነገረውን ይመልስ፤ «ጉልበትህን እግዜር ይማርህ» ይበል፣ ከዚያ የራሱን ጉልበት ያምጣ። «አጎትህን ነፍስ ይማር» ሳይባል «የኔስ አጎት?» ከተባለ፣ ችግሩ ወሬው መነገሩ አይደለም። ሰው አልሰማም ማለት ነው።

ሌላ ተቃውሞም ይኖራል፤ «ፍርድስ የት ይሂድ? ፍርድ የሌለበት ወሬ ለጉልበተኛ አይመቸውም?» የሚል። ይመቸዋል። ስለዚህ ፍርድ ቦታ ያስፈልገዋል፤ ምክር ቤት፣ ፍርድ ቤት፣ ጋዜጣ፣ ምርጫ ጣቢያ። የጥቁሮቹን አልጋ ነገር በመጨረሻ የፈታው የሬዲዮ ጨዋታ አይደለም፤ በ1964 በድምፅ የጸደቀው ሕግ ነው። ኦሚክ ሌሊቱን ያሳልፋል እንጂ ሕጉን አይቀይርም። ዋናው ነገር ግን ሕጉን ለመቀየር የተነሱ ሰዎች ያነሳሳቸው ያ ሌሊት መሆኑ ነው። ወሬው ካልተሰማ ለፍርዱም የሚቀርብ ነገር የለም።

በየትኛውም ጉዳይ ላይ የሽማግሌው አስተያየት ምን ያህል ይመዝናል የሚለውንም በዚሁ መስፈሪያ ነው የምለካው። ስለማይጠገነው ሬዲዮ ሲያወራ ጆሮዬን እሰጠዋለሁ፤ እጁ ነክቶታል። ዕድሜውን ሙሉ ስላልረገጠው ድንበርና ስለማያውቀው ስደተኛ ሲፈርድ ግን ሬዲዮ መሥራት መቻሉ ምንም አይጨምርለትም። ይሄ ለኛም ይሠራል። ኮድ መጻፍ የሚችል ሰው ስለ አገር ሁሉ የገባው ይመስለዋል፤ በሙያችን ይሄ በሽታ አለ። የቆምንበትን ስንናገር ምስክር ነን። ከዚያ ስንወጣ እንደማንኛውም ሰው ነን፤ ክርክሩ ውስጥ እኩል ገብተን እኩል መረታት አለብን።

ሃሞቹ የድምፅን ጥራት በሁለት ቁጥር ነው የሚገልጹት። የመጀመሪያው ከ1 እስከ 5፣ ንግግሩ ምን ያህል እንደሚለይ ነው። ሁለተኛው ከ1 እስከ 9፣ ጉልበቱ ነው። «59» ፍጹም ማለት ነው። ግን በውድድር ጊዜ፣ ጊዜ ለመቆጠብ ሲባል፣ ሁሉም ለሁሉም «59» ነው የሚሰጠው፤ የሰማውም ያልሰማውም። ከዚያ የወጣ፣ እርስ በርስ የሚሳሳቁበት ቀልድ አላቸው፤ «59 ነህ፣ በጣም ግልጽ ነህ፣ እባክህ መለያህን ድገምልኝ፣ አልሰማሁህም።»

ብዙው ጨዋነታችን እንደዚህ ነው። «እሺ ወንድሜ»፣ «አይዞህ»፣ «ያልፋል» እያልን 59 እንሰጣለን፤ ሰውየው ምን እንዳለ ግን አልሰማንም። ከማንስማማው ሰው ጋር ስለ ዝናቡ እናውራ፤ እኔ ደግሞ ደጋግሜ እላለሁ፣ ይሄ ወሬ ካልተለማመድነው በክፉ ቀን የምናገናኘው መስመር አይኖረንም። ሌላው ሰው «እኔ ጋ የሚዘንበው ሌላ ነው» ሲለን ግን ርዕስ አንቀይር። አልሰማሁህም፣ ድገምልኝ እንበለው።